የአባቴን ግራጫ ሱፍ ግራጫ ላደረገልኝ ልጅ

ቤቱ የቆየ ስላይድ ፊልም (በትንሽ ፍሬም የተያዘ የፎቶ ፊልም) ያለው ሰው ይሄን ያንብብልኝ፣ ምስጋናም ነው ጥቆማም ነው።

አባቴ ትቶልን የሄደው አንድ ሳጥን ስላይድ አለ፣ አብዛኛው ኮዳክሮም የሚባለው የኮዳክ ፊልም ነው። መጀመሪያ የሰጠሁበት ቦታ (ስሙ ይቅር) ስካን አድርገው በፍላሽ ሰጡኝ፣ ስከፍተው ሁሉም ነገር ሰማያዊ! የአባቴ ግራጫ ሱፍ ሳይቀር ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ፊልሙ አርጅቶ ነው አሉኝ፣ እኔም አምኜ ተውኩት።

አሁን ስካን ያደረገልኝ ልጅ ግን ኮምፒውተሩን እንኳን ሳይከፍት አንዷን ስላይድ ላይት ቦክስ (ከስር የሚበራ ሳጥን) ላይ አስቀምጦ በማጉያ እይ አለኝ። አየሁ፣ ሱፉ ግራጫ ነው። "ፊልሙ ደህና ነው፣ ኮዳክሮም ጨለማ ውስጥ ከተቀመጠ ቀለሙ ብዙም አይለቅም፣ የተሳሳተው ስካነሩ ነው" አለኝ። ለካ የኮዳክሮም ቀለም ስሪቱ ከኤክታክሮምና ከመሰሎቹ ስላይድ ፊልሞች ስለሚለይ በነሱ ፕሮፋይል (የስካነሩን ቀለም የሚያርም ፋይል) ሲነበብ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። እሱ ታዲያ በራሱ በኮዳክሮም ላይ የተሰራች አይቲ8 የሚሏት ታርጌት አለችው፣ 264 ትንንሽ የቀለም ሳጥኖች ያሉባት ስላይድ ነች፣ የየሳጥኑ ትክክለኛ ልክ በፋይል አብሯት አለ፣ ስካነሩ ያነበበውን ከዛ ጋር አስተያይቶ ፕሮፋይል ያወጣል በቃ። ፊልሙ በፈረንጆች 2009 መመረቱ ስለቆመ ታርጌቷን በጓንት ነው የሚይዛት፣ እኔን አላስነካኝም 😄

ስካነሩ ቀለሙን በራሱ የሚቀይርበትን አውቶ ከለር የሚባለውን አጠፋው፣ የቀለሙን ረቂቅ ልዩነት በሚይዘው በ16 ቢት ስካን አደረገ። አቧራውን ደግሞ አንድ በአንድ በአየር መንፊያ ነው ያራገፈው፣ ምክንያቱም የስካነሩ ኢንፍራሬድ አቧራ ማጥፊያ ኮዳክሮም ላይ ምስሉን ራሱን እንደ አቧራ ቆጥሮ ሊያበላሸው ይችላል።

በጣም የወደድኩት ግን አለመዋሸቱን ነው። ወደ ሮዝ የሄዱ ጥቂት የድሮ ኤክታክሮሞች ነበሩ፣ "እነዚህ ፊልሙ ራሱ ነው የለቀቀው፣ ፕሮፋይል አያድናቸውም፣ የማስተካክለው በግምት ነው" ብሎ እንዳሉት አንድ፣ የታረመውን አንድ አድርጎ ሰጠኝ።

ይዘገያል፣ እሱን አልደብቅም፣ ሁለቴ ቀጠሮ አዛውሮብኛል። እናቴ ግን ፎቶውን ስታይ "አዎ ይሄ ነው ሱፉ" ነው ያለችው፣ ያኛውን "የማን ልብስ ነው" ብላኝ ነበር።

ስልኩን የምትፈልጉ ኢንቦክስ። ስትሄዱ የካርቶን ፍሬሙን እንዳትጥሉ፣ የፊልሙ ዓይነት እሱ ላይ ነው የተጻፈው፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁም እሱን ነው።