ኮምቦልቻ ላይ «ተከራይ የሞላው ቤት» ለምትፈልጉ

ደሴ ነው የምኖረው። ባጠራቀምኳት ገንዘብ ኮምቦልቻ ላይ የሚከራይ ጂ+1 ከነሰርቪሱ ልገዛ ተነሳሁ። ደላላው ስለ ሰፈሩ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ኢንዱስትሪ ፓርኩ አጠገብ ነው፣ ተከራይ ይሻማበታል!»

በጠራራ ፀሐይ ወሰደኝ። በሮቹ ሁሉ ተቆልፈዋል። «ሥራ ላይ ናቸው» አለኝ። ገመዱ ላይ ሰማያዊ አንሶላ ተሰጥቷል። አመንኩና ቀብድ ከፈልኩ።

ከሳምንት በኋላ ሳልነግረው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሄድኩ። መብራት ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነው። በስልኬ ባትሪ ቁልፎቹን ጠጋ ብዬ አየሁ፤ አምስቱ ላይ ሸረሪት አድርቶባቸዋል። አጠገቡ ሱቅ ያላቸው እናት «ልጄ፣ ድሮማ የፓርኩ ሠራተኞች አንዷን ክፍል ሦስት አራት ሆነው ነበር የሚከራዩዋት። ከጦርነቱ ወዲህ ልጆቹ ወደየአገራቸው ገቡ» አሉኝ።

ማሰብ ነበረብኝ። ፓርኩ ሐምሌ 2009 ተመረቀ። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃችን ያለቀረጥ ከሚገባበት ዕድል፣ አስወጣችን። ፓርኩ ውስጥ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፋው ልብስ ሲቀንስ ልብሱን የምትሰፋው ሠራተኛ የምትከፍለው ኪራይም አብሮ ይቀራል። ሌላ ተከራይ የማይመጣበት ሰፈር እንግዲህ ምን ይሁን?

የይዞታ ካርታውንም ያየሁት ከቀብድ በኋላ ነው (አትሳቁ)። ወደ ቦርከና ወንዝ በኩል ያሉት አራቱ ሰርቪሶች ካርታው ውስጥ የሉም። ተውኩት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ቀብድ ሰጪ ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከተወ እጥፍ ይመልሳል። የተውኩት እኔ ነኝ፤ ብሬም እዚያው ቀረ።

ደሴም ላይ «ዩኒቨርሲቲው አጠገብ» ሲሏችሁ አትቸኩሉ። መደበኛው ተማሪ የሚያድረው ዶርም ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ዳገት ላይ ያለ ቤት ከሆነ ደግሞ በክረምት እዩት። መሬቱ ይንሸራተታል፤ በበጋ በቀለም የተሸፈነ ስንጥቅ ነሐሴ ላይ አፉን ይከፍታል። እኔ አሁን ብገዛ መናኸሪያና ገበያ አካባቢ ነው። መምህሩም፣ ነርሷም፣ ነጋዴውም ይከራያል። ዋጋው ይወደድ እንጂ።

ትናንት ቴሌግራም ላይ የዚያኑ ግቢ ፎቶ አየሁት። «ሙሉ ተከራይ ያለው፣ አስቸኳይ ሽያጭ» ይላል። ገመዱ ላይ ያው ሰማያዊ አንሶላ ተሰጥቷል።