ድሬ ታይዋን ገበያ ላፕቶፕ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ «ሶፍትዌር ልጫንልሽ» ሲሏችሁ ማሽኑን ከእጃችሁ አትልቀቁ

ድሬዎች፣ ከተሸወድኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ይበርድልኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ጭራሽ እየባሰብኝ ሄደ። ስለዚህ እንደተናደድኩ ልጻፈው፣ አፌ ካመለጠኝ ይቅርታ።

የሱቁን ስም አልጠራም። ብጠራውም አይጠቅማችሁም፤ አንዱን ብታልፉ ቀጣዩም ያው ነው። ታይዋን ገብታችሁ ላፕቶፕ ጠይቃችሁ የምታውቁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ክዳናቸው ተከፍቶ የተደረደሩ ማሽኖች፣ ሁሉም ላይ ያው አንድ የዓሣ ቪዲዮ፣ ከባንኮኒው ጀርባ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ፊት ጉንጩን የወጠረ ልጅ። «ነይ እህቴ፣ ግቢ ከፀሐዩ። ከዱባይ የገባ ንጹህ ዩዝድ ነው፣ ወላሂ አንድ ሰው ብቻ ነው የነካው።» ቀዝቃዛ ውሃ ይመጣል። ማራገቢያው ወደ እናንተ ይዞራል። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ቀፊራ ሽንኩርት ስገዛ እንኳን ከላይ ያለውን አንስቼ ከሥር የማይ ሰው ነኝ። ግን ገባሁ።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ከዚራና አሸዋ ያሉ ጥቂት ሱቆችን ሂሳብ እይዛለሁ፤ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ እመዘግባለሁ፣ ኤክሴል ላይ አስታርቃለሁ፣ በየወሩ ቫት ዲክለር አደርግላቸዋለሁ። አበቃ። ቪዲዮ አልቆርጥ፣ ጌም አልጫወት። አሮጌው ላፕቶፔ ግን በድሬ ሙቀት ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ሲጮህ ከርሞ፣ ወሩ ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው ጸጥ አለ። ጊዜ የለኝም። ሻጭ ደግሞ ጊዜ የሌለውን ሰው ከበር ያውቀዋል።

10 ሰዓት ገደማ ነው፣ ሱቆቹ ከምሳ በኋላ ገና መከፈታቸው። መጀመሪያ ያነሳሁት አነስ ያለ ጥቁር ማሽን ነበር። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ጊጋ ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ)፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት)፣ ዋጋው 38,000 ብር። አጠፋሁት፣ መልሼ አበራሁት፤ ውሃዬን ጎንጭቼ ሳልውጥ ተነሳ። ያኔ ከፍዬ ብወጣ ኖሮ ይሄን ጽሑፍ አታነቡም ነበር።

«እህቴ፣ ሥራሽ ምንድነው?» አለኝ።

«ሂሳብ።»

«ታዲያ አቦ! ይሄ እኮ ለተማሪ ነው። ሂሳብ ኃይል ይፈልጋል።»

ሂሳብ ኃይል ይፈልጋል! ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቼ ይሄን ከአንድ የላፕቶፕ ነጋዴ ሰማሁና ራሴን ነቀነቅኩ። ከመደርደሪያው ሥር አንድ ብርማ ክዳን ያለው፣ ጠርዙ ወፈር ያለ፣ ሲይዙት የሚከብድ አወጣ። ኮር አይ ሰቨን። 8 ጊጋ ራም። ሃርድ ዲስኩ 1 ቴራ፣ «ከዚያኛው አራት እጥፍ» አለ። 46,000። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የማሽኑ ዝርዝር የሚታይበትን ገጽ ከፈተልኝ። ጥቁሩ ላይ 1.60 ይላል፣ ብርማው ላይ 2.70።

«አንቺ የቁጥር ሰው ነሽ። የትኛው ይበልጣል?»

2.70 አልኩ። እንደ ጎበዝ ተማሪ። ሁለቱንም በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ ልጅ በቴሌግራም ላክሁለት፣ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ነው የሚማረው። አላየውም፣ ክፍል ውስጥ ነበር። አልጠበቅኩትም።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ፣ እኔ በእነዚህ አራት ቀናት መቶ ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። ዋጋ ጨርሰናል፤ ብሩን በስልክ አስተላልፌያለሁ። ማሽኑ ባንኮኒው ላይ፣ እጄ ክዳኑ ላይ ነው። ልጁ ፈገግ ብሎ፣ «እህቴ፣ ባዶውን አትወስጂውም፣ ፒችትሪና ኦፊስ ልጫንልሽ፣ በነፃ» አለኝ። በነፃ ሲል ጭራሽ ደስ አለኝ። ክዳኑን ዘጋው። አንድ ታዳጊ ልጅ ጠራ። ታዳጊው ማሽኑን ብብቱ ሥር አድርጎ መጋረጃውን በክርኑ ገፋ አድርጎ ገባ። መጋረጃው ተመልሶ ሲወድቅ ከሥሩ ሁለት እግር ብቻ ይታየኛል፣ በነጠላ ጫማ። ውሃዬን እየጠጣሁ ነው። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ። ድሪርርር፣ ድሪርርር። ካቻቢቴ ብሎን ሲፈታ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ አይደል? የልብስ ስፌት መኪና ያላት ሴት ልጅ ነኝ፣ እኔም አውቀዋለሁ። እንዲያውም በሐሳቤ፣ «ሶፍትዌር ለመጫን ብሎን ይፈታል እንዴ?» ብያለሁ። ወላሂ ብያለሁ። ጥያቄው ጭንቅላቴ ውስጥ መጣ፣ ቁጭ አለ፣ ግን ወደ አፌ አልወረደም። ለምን? ምክንያቱም ስለ ኮምፒውተር የማላውቅ ሴትዮ መምሰል አልፈለግኩም። ባለማወቄ አፈርኩ። ዝም አልኩና ተዘረፍኩ።

አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ታዳጊው ወጣ። ማሽኑን በጨርቅ አብሶታል፣ ያበራል። ዴስክቶፑ ላይ የፒችትሪ ምልክት አለ። «አመሰግናለሁ የኔ ጌታ» ብዬ መቶ ብር በእጁ አስጨበጥኩት። የዛን ልጅ ፊት አልረሳውም፤ መቶ ብሩን ሲቀበል መሬት መሬት ነው ያየው።

ቆይ፣ ደረሰኙን ሳልናገር። ይሄን መናገር ከሁሉ ይከብደኛል። ደረሰኝ ስጠኝ ስለው፣ «በደረሰኝ ከሆነ 15 ፐርሰንት ይጨመራል እህቴ» አለ። ወዲያው በጭንቅላቴ አሰላሁት፤ 6,900 ብር፣ ድምር 52,900። ከበደኝና «ተወው» አልኩ። እኔ! ቀኑን ሙሉ ደንበኞቼን «ያለ ደረሰኝ አትግዙ፣ ያለ ደረሰኝ አትሽጡ» እያልኩ ጆሯቸውን የማደነቁር ሴትዮ! ከደብተር ገጽ የተቀደደች ወረቀት ላይ «1 ላፕቶፕ አይ7፣ 46,000» ተጽፎ ተሰጠኝ። ማኅተም የላት፣ ቀን የላት።

ባጃጅ ውስጥ ገና ደቻቱን ሳልሻገር ስልኬ ጮኸ። የወንድሜ ልጅ ነው። «አክስቴ ጥቁሩን ውሰጂ። ብርማውን እንዳትነኪው።»

ቤት ገብቼ ከፈትኩት። እስኪነሳ ቡና ቆላሁ። አላጋነንኩም፣ ቆልቼ ለመውቀጥ ሙቀጫ ሳነሳ ነው የተነሳው። ፒችትሪ ስከፍት ቆመ። ኤክሴል ስጨምርበት ሁሉም ነጭ ሆኖ ቀረ። ሙቀቱ ነው ብዬ መስኮት ከፈትኩለት፤ ለማሽን መስኮት ከፈትኩ።

ማታ የወንድሜ ልጅ መጣ። ታስክ ማናጀር የሚባለውን ከፈተና ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ዲስክ፣ 100 ፐርሰንት። ራም፣ 92 ፐርሰንት። ፕሮሰሰር፣ 9 ፐርሰንት። «አክስቴ፣ ስምንት ሺህ ብር የጨመርሽበት ነገር ተኝቷል፣ ይታይሻል?» አለኝ። ለካስ እኔ የምሠራው ሥራ ፕሮሰሰሩን አይነካውም ማለት ይቻላል። ማሽኑ የሚንፋቀቀው ያ «አራት እጥፍ» የተባለው ባለ ሳህን ሃርድ ዲስክ እየተሽከረከረ ፋይል እስኪያገኝለት ስለሚጠብቅና ራም ስላነሰው ነው። ጥቁሩ ላይ የነበረው ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ለዚያ ነው ውሃዬን ሳልውጥ የተነሳው።

አይ ሰቨን የተባለውስ? አይ ሰቨን ነው፣ አልዋሸም። ቁጥሩ አይ7-2620ኤም ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለችው 2 ሁለተኛ ጄነሬሽን ማለት ናት፤ በፈረንጅ 2011 የወጣ፣ ሁለት ኮር ብቻ ያለው። ያ «ለተማሪ ነው» የተባለው ጥቁር ደግሞ አይ5-8250ዩ ነበር፤ ስምንተኛ ጄነሬሽን፣ በፈረንጅ 2017 የወጣ፣ አራት ኮር። 1.60 እና 2.70 የተባለው መነሻ ፍጥነታቸው ነው እንጂ ሲጫኑት ሁለቱም እስከ 3.40 ይሄዳሉ። የስድስት ዓመት ልዩነት ያላቸውን ማሽኖች በዚያ ቁጥር ማወዳደር የሁለት ሱቅ ትርፍ በሽያጭ ብዛት ብቻ እንደማወዳደር ነው። ይሄን ደንበኛዬ ቢያደርግ እስቅበታለሁ። በዚያ ላይ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በሕጉ ከሄድን ከኢንቴል ስምንተኛ ጄነሬሽን በታች ያለውን ከጥቂቶች በቀር አይቀበልም። ጥቁሩን ይቀበለው ነበር።

ይሄ ሁሉ የኔ አለማወቅ ነው፣ እሺ፣ ልዋጠው። የማልውጠው ቀጥሎ ያለው ነው። የወንድሜ ልጅ ራም የሚለውን ሲጫን 4 ጊጋ ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ የራም ማስገቢያ ሁለት፣ የተያዘው አንድ። ስልኬን አወጣሁ። ሱቁ ውስጥ ያነሳሁት ፎቶ ላይ 8 ጊጋ ይላል። ማሽኑን ገለበጠው። የሥረኛው ክዳን ብሎን አፉ ላይ አዲስ ጭረት አለው፣ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ። ድሪርርር።

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። ስገዛ እህቴ ነበርኩ፣ ስመለስ ማዘር ሆንኩ።

«ማዘር፣ አይ ሰቨን ነው ያልኩሽ። አይ ሰቨን አይደለም?»

«ነው፣ ግን …»

«ታዲያስ?»

ፎቶውን አሳየሁት። ሳያየው፣ «ፎቶ ማንም ያነሳል፣ የሌላ ማሽን ይሆናል። ደረሰኝ አለሽ?» አለኝ። ወረቀቷን አወጣሁ። በሁለት ጣቱ ይዞ አገላበጣት፣ ሳቀና መለሰልኝ። ያ ታዳጊ በሩ ሥር ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል፣ ቀና አላለም። ሌላ ገዢ ገብቶ ነበር፣ አንድ ጎልማሳ፤ ባለ ሱቁ ወደሱ ዞሮ፣ «ቴክኖሎጂ ካልለመዱት እንዲህ ያስቸግራል» አለው። ሰውየው አብሮት ሳቀ። ውሃውን ይዟል፣ ማራገቢያው ወደሱ ዞሯል። «ወንድሜ፣ መጋረጃውን ተከተለው» ልለው አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ፣ ወጣሁ።

ንግድ ቢሮ ልሂድ አልኩ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 እንዳለ አውቃለሁ፣ ለደንበኞቼም የምጠቅሰው እኔ ነኝ። ግን ምን ይዤ? እዚያ ቁጭ ብዬ «የቫት ባለሙያ ነኝ፣ ቫት ላለመክፈል ያለ ደረሰኝ ገዛሁ» ልበል?

የወሩን ሥራ እንዴት እንደጨረስኩት ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። አሸዋ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ደንበኛ አለኝ፤ ባንኮኒው ሥር አቧራ የጠጣ ፔንቲየም ዴስክቶፕ አለው፣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እሱም አያስታውስም። አምና የወንድሜ ልጅ ኤስኤስዲ አስገብቶለታል። እዚያ ቁጭ ብዬ የሁሉንም ቫት እስከ ምሳ ጨረስኩት። ፒችትሪ እኮ ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው፤ እኛ ግን ዛሬም የምንሠራው በዚያው በፈረንጅ 2010ሩ ነው። ለእሱ ምን ኃይል ያስፈልገዋል? ሰውየው ጨርቅ እየለካ፣ «አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ አላልሽኝም?» አለኝ። ቤት ረሳሁት አልኩት።

ምክር ካላችሁኝ፦ እንደኔ ጽሑፍ፣ ሂሳብና ኢንተርኔት ከሆነ ሥራችሁ፣ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ይበቃችኋል፤ አይ ፋይቭ አይ ሰቨን እያሉ እንዳያዞሯችሁ፣ ከሰረዙ ኋላ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ማሽኑ ከዓይናችሁ ከራቀ፣ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ከፍታችሁ እዩ። ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኝ!

የወንድሜ ልጅ ራምና ኤስኤስዲ ገዝቼ ላስገባልሽ ብሏል፣ ያኔ ይሠራል አለ። ይሥራ። 46,000ውንም እንደምንም እረሳዋለሁ። ለዛ ልጅ ራሜን ነቅሎ ሲወጣ አመስግኜ የሰጠሁት መቶ ብር ነው ሌሊት የሚያስነሳኝ።