አንዱ መርፌ ወጋኝ፣ አንዱ ጠየቀኝ፦ ለወገብ ሕመም የሄድኩባቸው ሁለት ቦታዎች

የማንንም ቦታ ስም አልጠራም። ይህን የምጽፈው ወገቡን ታሞ የት እንደሚሄድ ግራ ለገባው ሰው ነው፤ ለእሱ ደግሞ ከስሙ ይልቅ እዚያ ስደርስ ምን እንደጠየቁኝ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ያንኑ ወገብ ይዤ አይቻቸዋለሁ።

አናጺ ነኝ፣ 43 ዓመቴ ነው። ለእኛ ሙያ የወገብ ሕመም እንግዳ አይደለም። ስንት ጊዜ ጎንበስ ብዬ ቀና ማለት አቅቶኛል፤ ጥቂት ቀን ቀስ እያልኩ ስንቀሳቀስ ይለቀኛል። የአሁኑ ግን አምስት ሳምንት ሞልቶት ነበር። ከወገቤ ተነስቶ በቀኝ መቀመጫዬና በጭኔ ጀርባ አድርጎ እስከ ባቴ ይወርዳል፤ ሳስነጥስ እግሬን እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። እሁድ ዕለት ከረዳቴ ጋር ቁም ሣጥን ስናነሳ ሕመሙ በአንዴ ባሰና እዚያው ተንበረከክኩ።

ሰኞ ጠዋት ክሊኒክ ሄድኩ። ቦታው ንጹሕ ነው፣ ወረፋ የለውም፣ ሰዎቹ ትሑት ናቸው። የት እንደሚያመኝና መቼ እንደጀመረኝ ተጠየቅኩ፣ ራጅ ተነሳሁ፣ «አጥንትዎ ደህና ነው» ተባልኩ፣ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወጋሁ፣ ጡንቻ የሚያፍታታ ኪኒን ይዤ ወጣሁ። ሁሉም ከ40 ደቂቃ አላለፈም። ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ አምስት ኮከብ እሰጣቸው ነበር።

አሁንም ቢሆን ስለ መርፌው አልከሳቸውም። አብዛኛው የወገብ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በማስታገሻና በመንቀሳቀስ ይሻለዋል፤ ምንም ፎቶ ማንሳትም አያስፈልገውም። ራጁም ቢሆን የዋሸው ነገር የለም፤ የሚያሳየው አጥንትን ነው፣ በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ዲስክና ነርቩን አያሳይም። የምከሳቸው በሌላ ነው። ጫማዬን አላስወለቁኝም። እግሬን ገፋ አድርግ ያለኝ የለም። ስለ ሽንቴ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስወጣ «እንዲህ እንዲህ ካጋጠመዎት እንዳያድሩ፣ በሌሊትም ቢሆን ይምጡ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጎደለችኝ።

ማክሰኞ ሕመሙ ቀለል አለኝና ደስ አለኝ። ግራ እግሬም መንዘር ጀምሮ ነበር፤ እኔ ግን ወገቤን ለማዳን ስል አካሄዴን ስላበላሸሁ መሰለኝ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደረጃ ስወጣ ሚስቴ ከኋላዬ፣ «አንተ፣ ነጠላ ጫማህ እኮ ወልቋል» አለችኝ። ዞር ብዬ ሳይ ሁለት ደረጃ ታች ቀርቷል። በባዶ እግሬ ሲሚንቶ እየረገጥኩ ነበር፤ አላወቅኩትም።

ማታ ሽንት ቤት ገብቼ ቆምኩ። ከእምብርቴ በታች ሆዴ ተወጥሯል፣ ግን ሽንቴ መጣ የሚል ስሜት የለኝም። ቧንቧ ከፈትኩ፣ ውኃው ሲወርድ እየሰማሁ ጠበቅኩ፣ አማጥኩ። ጠብ ጠብ ብሎ ቆመ። ከዚያ ተቀምጬ ስጠርግ ወረቀቱ ለእጄ ይታወቀዋል፣ ለገላዬ አይታወቀውም። በጣቴ ነካሁት፤ ያው ነው። በብሽሽቴ መካከል፣ መቀመጫዬ ዙሪያ፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ ኮርቻውን የሚነካው ቦታ በሙሉ ደንዝዟል።

የኪኒኑ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ለሚስቴ ለመናገር ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብኝ፤ ያቺ ሁለት ሰዓት እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች። ስነግራት ልብሷን እየለበሰች «ተነስ» አለችኝ።

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ደረስን። ግምገማዬ በዋናነት ስለዚህ ነው። በር ላይ ሕመምተኛ የምትለይ ነርስ ተቀምጣለች። ሰው ብዙ ነው፤ እጁ የተሰበረ፣ የሚያቃስት፣ የሚጮህ። ሕመምህ ከአስር ስንት ነው ስትለኝ ስድስት አልኳት። በሕመም መጠን ቢሆን ኖሮ መጨረሻ ላይ ነበር የምቀመጠው። እሷ ግን ቀጠለች። ሁለቱም እግር ነው ወይስ አንዱ? ሲራመዱ እግርዎ ይከዳዎታል? ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሽንትዎ ይመጣል? ሲጠርጉስ ይታወቅዎታል?» አለችኝ።

«አይታወቀኝም ሲስተር» አልኩ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ተነስታ ራሷ አልጋ እየገፋች አመጣችና ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ከጠየቀችኝ እስከተኛሁ ድረስ አምስት ደቂቃ አይሆንም። ለእኔ የዚያ ሆስፒታል ትልቁ ሀብት ማሽኑ ሳይሆን ያቺ ሴት ናት፤ ሰው አፍሮ የማይናገረውን አውቃ፣ እንዳያፍር አድርጋ ትጠይቃለች።

ሐኪሟ ወጣት ናት። መጋረጃውን ዘግታ፣ የምታደርገውን ሁሉ ቀድማ እየነገረችኝ መረመረችኝ። አውራ ጣቴን ወደ ላይ እንድስብ አድርጋ በእጇ ተጫነችው፤ የቀኙ ወዲያው ተሸነፈ። በተረከዜ ቁም አለችኝ፣ አልቻልኩም። በጎማ መዶሻ ጉልበቴንና ቁርጭምጭሚቴን መታ መታ አደረገች። ቀጥላ በጥጥና ጫፉ በሾለ እንጨት መቀመጫዬን ዙሪያውን እየነካች «ይኼ ሹል ነው ወይስ ለስላሳ?» እያለች ጠየቀችኝ። ብዙውን ጊዜ የነካችኝ መሆኑንም አላወቅኩም። የፊንጢጣ ምርመራም አለው፤ ጡንቻው መጨበጥ መቻሉን በጣት ያዩታል። አስፈቅዳኝ፣ ነርሷ ባለችበት፣ በአንድ ደቂቃ ጨረሰች። ይህን የምጽፈው ቀድማችሁ ብታውቁት እንዳትደነግጡና እምቢ እንዳትሉ ብዬ ነው።

ከዚያ የቻልኩትን ያህል ሽንቴን እንድሸና ተደርጎ ፊኛዬ በአልትራሳውንድ ታየ። ከሸናሁ በኋላ 640 ሚሊ ሊትር ቀርቶ ነበር። ከ200 በላይ ከቀረ የፊኛው ነርቭ ተጎድቷል ብለን እንጠረጥራለን አለችኝ። ካቴተር፣ ማለትም ሽንት የሚያወጣ ቱቦ፣ ገባልኝ። ቱቦው ሲገባ ሊሰማኝ ይገባ የነበረውን ያህል አለመሰማቱ እንደገና አስደነገጠኝ።

የጓንት ካርቶን ገልብጣ ሥዕል ሣለችልኝ። ህብለ ሰረሰር እስከ መቀመጫችን የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ወገብ መጀመሪያ አካባቢ ያበቃል፤ ከዚያ በታች ያለው እንደ ፈረስ ጭራ ተበትኖ የሚወርድ የነርቭ ዘለላ ነው። ስሙም በላቲን ያው «የፈረስ ጭራ» ነው፣ ካውዳ ኢኳይና። እግርን፣ ፊኛን፣ ሰገራን፣ የመራቢያ አካልን የሚያዙት እነዚህ ናቸው። ዲስክ አንድ ነርቭ ብቻ ሲነካ ሕመሙ አንድ እግር ይወርዳል፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ያንን ነው። ትልቅ ቁራጭ ወጥቶ ዘለላውን በሙሉ ሲጫን ግን ሁለቱም እግር ይነዝራል፣ ኮርቻው ይደነዝዛል፣ ሽንት ይዘጋል ወይም ሳይታወቅ ይፈስሳል። ነርቩ ታፍኖ በቆየ ቁጥር የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል። «ስለዚህ ጠዋት እናየዋለን የሚባል ነገር የለም» አለችኝ። ምንም እንዳልበላና እንዳልጠጣ ነገረችኝ፤ ቀዶ ጥገና ሊኖር ይችላል።

ዲስኩንና ነርቩን የሚያሳየው ኤምአርአይ እስኪዘጋጅ ሌላ የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ የሚል ነገር ነበረዎት? ሳይፈልጉ ከስተዋል? ካንሰር ታመው ያውቃሉ? ቲቢስ? ኮርቲዞን የሚባለውን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ወስደዋል? ወድቀዋል? ሲተኙስ ሕመሙ ይተውዎታል ወይስ ሌሊት ይብሳል? ለሁሉም «የለም» አልኩና ለምን እንደምትጠይቅ ጠየቅኳት። ትኩሳት ያለበት የወገብ ሕመም በአከርካሪው ውስጥ መግል ሊሆን ይችላል አለችኝ፤ ቲቢም አከርካሪ ላይ ይቀመጣል፣ እሱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። ካንሰር የነበረበት ሰው አዲስ የወገብ ሕመም ከጀመረው አይናቅም። ኮርቲዞን ብዙ የወሰደ ወይም አጥንቱ የሳሳ ሰው በትንሽ አወዳደቅ አከርካሪው ሊሰበር ይችላል።

ከጎኔ አልጋ ላይ የነበሩት አዛውንትም በወገብ ሕመም ነበር የመጡት። ሕመሙ ድንገት የጀመራቸው ነው፣ ላብ አጥምቋቸዋል፣ ቤት ውስጥም ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል። ሆዳቸውን በአልትራሳውንድ እንዳዩ እየሮጡ ወሰዷቸው። ልጃቸው በኋላ እንደነገረኝ ሆድ ውስጥ የሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧ አብጦ እየፈሰሰ ነበር፤ ወገባቸው ምንም አልነበረውም። አዛውንቱ የት እንደደረሱ አላወቅኩም፣ እስከ ዛሬ አስባቸዋለሁ።

ኤምአርአዩ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ማሽኑ እንደ ድሪል ይጮኻል፣ በጀርባ መተኛቱ ለእኔ ሥቃይ ነበር፤ ማስታገሻ ቀድሞ ባይሰጠኝ አልችለውም ነበር። በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አከርካሪ መካከል ያለው ዲስክ ወጥቶ ቦታውን ሞልቶታል። በሩን ከረገጥኩ በ9ኛው ሰዓት ቀዶ ጥገና ክፍል ገባሁ።

ጉድለታቸውንም ልናገር። ሚስቴ ቀዶ ጥገናው ከተጀመረ እስከሚያልቅ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ አንድ ሰው ወጥቶ «ደህና ነው» አላላትም። ስወጣ የተሰጠኝ ወረቀት ስለ ቁስሉ አያያዝ ዝርዝር አድርጎ ይናገራል፤ «እንደገና ከደነዘዘ ወይም ሽንት ከተዘጋ ወዲያው ይመለሱ» የሚለው ግን ከጀርባው፣ ከሁሉም ባነሰ ፊደል ነው የተጻፈው። መጀመሪያው መስመር ላይ መሆን ነበረበት። ሌላው፣ የባልና ሚስት ነገር ምን እንደሚሆን ማንም አላነሳልኝም። ነርቩ ያው ነርቭ ስለሆነ ይነካዋል፤ በሦስተኛው ሳምንት ቀጠሮ ላይ እንደምንም ደፍሬ እኔው ጠየቅኩ። ሲጠየቁ በደንብ መለሱልኝ፣ ግን ሰው እስኪደፍር መጠበቅ የለባቸውም። ፊዚዮቴራፒው ጥሩ ነው፣ ባለሙያዋ ታጋሽ ናት።

ሰባት ወር ሆኖኛል። ካቴተሩ በሁለተኛው ሳምንት ወጥቶልኛል፣ ሽንቴን በራሴ እሸናለሁ፣ ግን ስሜቱን ጠብቄ ሳይሆን ሰዓት አይቼ ነው። የቀኝ አውራ ጣቴ አሁንም ደካማ ነው። በግራ መቀመጫዬ መዳፍ የሚያህል ቦታ ድንዝዝ እንዳለ ቀርቷል። መሰላል አልወጣም፤ ወንበርና ጠረጴዛ እየሠራሁ ነው። ለሆስፒታሉ ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ።

ባለፈው ወር ወደ ክሊኒኩ ተመለስኩ። ልጣላ አልሄድኩም፣ እንዲያውቁት ብዬ ነው። ያኔ ያየኝ ሐኪም አስቀምጦ ሰማኝ፣ የቀዶ ጥገናዬን ጠባሳ አየ። ቀጥሎ «ሰኞ ዕለት ሽንትዎ ደህና ነበር?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት፤ ሰኞ ደህና ነበር። ቢጠይቀኝ ኖሮ ደህና ነኝ ብዬው ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።

«ግን ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ ዶክተር» አልኩት፣ «ረቡዕ ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል ሽንት ቤት ውስጥ አልቀመጥም ነበር።»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ገልብጦ «እስቲ ምን ምን እንደነበር በተራ ይንገሩኝ» አለኝ። የሁለቱ እግር መንዘር፣ የጫማው ሳይታወቅ መውለቅ፣ የኮርቻው መደንዘዝ፣ የሽንቱ መዘጋት፤ እኔ እየነገርኩት እሱ ጻፈ። ወረቀቱን ለሚቀጥለው ሕመምተኛ ሲያነብለት ከኮሪደር ሰማሁት። ለክሊኒኩ ሰጥቼው የነበረው አንድ ኮከብ ነው፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ሁለት አደረግኩት።