ለ22 ካሊበር ጥይት የተሠራ የብረት ዒላማ በአየር ጠመንጃ፦ የ8 ወር ልምዴ

መስከረም ላይ በ6,500 ብር የገዛሁትን ተገልባጭ የብረት ዒላማ ከትናንት ወዲያ ጨርሶ ከሥራ አስወጣሁት። አልተሰበረም። አልተጣመመም። ቀለሙ ትንሽ ተላጠ እንጂ እግሩም ብየዳውም እንደ አዲስ ነው። ጥንካሬውን በተመለከተ ሻጩ አልዋሸኝም። የዋሸኝ በሌላ ነገር ነው፤ እሱን ልንገራችሁ።

ድሬዳዋ ከዚራ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ማታ ማታ የተኩስ ጨዋታ አሠራለሁ። አንድ የአየር ጠመንጃ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ 8 ሜትር ርቀት። ከኋላ ከደቻቱ ወንዝ ባመጣሁት አሸዋ የተሞሉ ማዳበሪያዎች ደርድሬአለሁ። 3 ጥይት 20 ብር። የድሬን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ቀን ጠመንጃውን መንካት አይቻልም፤ ብረቱ ያቃጥላል። ከሰዓት ሰው ሁሉ ጥላ ውስጥ ነው። ከተማው የሚነቃው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው፤ የእኔም ሥራ ያኔ ይጀምራል።

ድሮ በፊኛ ነበር የምሠራው። ፊኛ ደስ ይላል፣ ግን በየቀኑ ወጪ ነው፤ በሙቀቱ ደግሞ ሳይመታ ራሱ ይፈነዳል። ስለዚህ አንዴ ተገዝቶ የሚኖር የብረት ዒላማ ፈለግሁ። ታይዋን ገበያ ውስጥ አገኘሁት። አራት ክብ ብረቶች ከአንድ ዘንግ ላይ ተንጠልጥለዋል። ሲመቱ ወደ ኋላ ተወርውረው ወደ ላይ ይገለበጣሉ፣ እዚያው ተይዘው ይቀራሉ። ከላያቸው አምስተኛ ክብ አለች። እሷ ማንሻ ናት። አራቱን ከገለበጥክ በኋላ እሷን ስትመታ አራቱም ተለቀው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ተኳሹ ከቦታው ሳይነሣ፣ ማንም ሄዶ ሳያስተካክል ጨዋታው እንደገና ይጀምራል። ሳየው ልቤ ሄደ።

ሻጩን «ለአየር ጠመንጃ ይሆናል ወይ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ወንድሜ፣ ይሄ ለ22 የተሠራ ነው፤ ለአየር ጠመንጃማ ይተርፋል!» አለኝ። 22 ማለት በባሩድ የምትተኮስ ትንሽ ጥይት ናት። አመንኩት። ትልቁን የቻለ ትንሹን እንዴት ያቅተዋል?

ያቅተዋል። ትልቁን ጥይት የቻለ ብረት በትንሿ ጥይት አይነቃነቅም። ይህን ማንም አልነገረኝም።

የመጀመሪያው ማታ አንዱ የሰፈራችን ልጅ አንዷን ክብ መሐሏን መታት። ቲንግ አለች። ትንሽ ተወዛወዘችና ቆመች። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ጥይቷ ጠርዟን መትታ ይሆናል ብዬ ራሴ ተኮስኩ። ቲንግ። ያው ነው። በሳምንት ውስጥ ገባኝ፤ ከአራቱ አንዷም ሙሉ በሙሉ አትገለበጥም። አምስተኛዋ ማንሻ ደግሞ ጭራሽ ዘንጉን ይዛ መንቀሳቀስ ስላለባት ግድግዳ ናት ማለት ይቻላል። አልፎ አልፎ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ቲንጓም አትሰማም። መተህ ሳለ እንደሳትክ ትመስላለህ።

ታኅሣሥ 19 ዋዜማ ነው ያስለቀሰኝ። የቁልቢ ተጓዥ ድሬን ሞልቷታል። እንደዚያ ዓይነት ማታ በዓመት ሁለቴ ነው የሚገኘው፤ ሌላው የሐምሌው ነው። አንድ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር መጣ፣ ነጠላውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ ጣለ፣ ሰደፉን ጉንጩ ላይ አደላድሎ ሦስቱንም መታ። ሦስቱንም! ዓይኔ እያየ ነው። ከእያንዳንዷ ክብ ላይ የተፈረፈረ እርሳስ በመብራቱ ሲያበራ አየሁት። ግን አንዷም አልተገለበጠችም። «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ተበይዷል እንዴ?» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። ከዚያ «ማጭበርበር ነው» ተባለ። አጠገቤ ሻይ የሚጠጣ የድሬ ልጅ «አቦ፣ መቷል! ብሩን መልስለት» አለ። መለስኩለት። ሽልማት የነበረውንም ለስላሳ ሰጠሁት። ግን ቃሉ ከዚያ ማታ ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም። ስድስት ዓመት በዚህ ቦታ ስሠራ «አጭበርባሪ» ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

በማግስቱ አንዷን ክብ ከዘንጉ ላይ በመፍቻ ፈታሁና ይዤ ቀፊራ ገበያ ሄድኩ። ቅመም የምትሸጥ እናት አሉ፤ ሚዛናቸው ላይ አስቀምጬ አስመዘንኩ። 310 ግራም። ከዚያ የጥይቴን ጣሳ አየሁ። አንዷ 4.5 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ጥይት ግማሽ ግራም ገደማ ናት። ግማሽ ግራም 310 ግራም እንድትገለብጥ ነበር የጠበቅኩት።

22 ሪምፋየር የሚሏት ጥይት ሌላ ነገር ናት። መምቻው የቀለሁን ጠርዝ ሲመታ የምትነሣዋ ትንሿ ጥይት፤ ሎንግ ራይፍል የምትባለው ዓይነት እንደ ፈረንጆቹ ከ1887 ጀምሮ አለች። ከትልልቆቹ አንጻር ትንሽ ትባል እንጂ 2.6 ግራም ያህል እርሳስ በሰከንድ 330 ሜትር ገደማ ትወረውራለች። የእኔ ጠመንጃ ግማሽ ግራሟን በሰከንድ 170 ሜትር ቢወረውር ነው። ክብደቱን በፍጥነቱ አባዙት፤ ልዩነቱ 10 እጥፍ ነው። አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ ልክ እንደዚሁ ዓይነት ዒላማ በ22 ሲመታ ቪዲዮ ላከልኝ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤ አራቱም ግልብጥ። አምስተኛዋን መታ፤ አራቱም ዝርግፍ ብለው ወረዱ። ስልኩን ይዤ ደጋግሜ አየሁት። ዕቃው ጥሩ ዕቃ ነው። የተሸጠው ግን ለማይሆን ሰው ነው።

አሁን ሻጩ ፊቴ ቢቆም የሚለውን አውቃለሁ። «ቅባት ቀባው» ይለኛል። ቀብቼዋለሁ ጌታዬ! ጥር ላይ ዘንጉን ግራሶ ሞላሁት። ሁለት ቀን ትንሽ የተሻለ መሰለ። ከዚያ የድሬ አቧራ ከግራሶው ጋር ተቦካ፤ ጥቁር ሊጥ ሆነና ጭራሽ ያዘው። በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ ያለ ምንም ቅባት ስተወው ነው ወደ ቀድሞው የተመለሰው። እንደኛ አሸዋ ባለበት አገር እንዲህ ያለ ማጠፊያ ደረቁን ይሻለዋል።

«ጠንከር ያለ ጠመንጃ ግዛ» ይለኝ ይሆናል። ይሄ ይበልጥ ያናድደኛል። መንገድ ዳር ነው የምሠራው፤ ሕፃናት አጠገቤ ናቸው። አንድ ዒላማ እንዲገለበጥ ብዬ ጉልበቱ የበዛ ጠመንጃ 8 ሜትር ላይ ብረት አላስመታም። በጭራሽ።

መፍትሔውን ያገኘሁት አንድ አዛውንት ጋር ነው። ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ወርክሾፕ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እንደ ፈረንጆቹ በ1902 እዚህ ሲደርስ ነው ድሬ የተወለደችው፤ የከተማችን የብረት ሙያም ከዚያው ወርክሾፕ የወጣ ነው። እኚህ አባት ዛሬም አማርኛቸው መሐል ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጋሉ። ዒላማዬን አገላብጠው አዩና በጣታቸው ክቧን ገፋ አደረጓት። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ጠንካራ ነው፤ ኤኪሊብር ግን የለውም» አሉኝ። ሚዛን ማለታቸው ነው። «ብረቱ እንዲሸከም አይደለም የምትፈልገው፤ እንዲወድቅ ነው። ሊወድቅ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ብረት ያስፈልግሃል።»

በሦስት ቀን አምስት ክብ ያለው አዲስ ዒላማ ሠሩልኝ። 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ስፋቷ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ተቆርጣ፣ ከሥሯ በማጠፊያ ተይዛ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ከማጠፊያው በታች ትንሽ ሮንዴላ በይደውባታል፤ ክብደቱን ታመጣጥናለች። የክቧ ክብደት ራሷ 30 ግራም ገደማ ናት። ወደ ተኳሹ ጥቂት ዘንበል ብላ፣ ማረፊያ ላይ ተደግፋ ነው የምትቆመው። ጥይቷ ስትነካት ወደ ኋላ ትተኛለች። ማንሻ ክብ የለም። ሁሉንም የሚያነሣ አንድ ቀጭን ገመድ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቷል። ሳብ ሳደርገው አምስቱም ይነሣሉ። ዋጋው ከገዛሁት ሲሶ አይሞላም።

የመጀመሪያዋ ስትወድቅ የሰማሁትን ድምፅ አልረሳውም። ቲንግ ብቻ አይደለም፤ ቲንግ-ጠፍ። ከዚያ አምስት ጥቁር ክብ ከነበረበት አራት ሆነ። መንገድ ተሻግሮ የቆመ ሰው ሳይቀር አየው። የክረምት ኦሊምፒክ ባያትሎንን፣ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚተኩሱበትን ውድድር፣ በቴሌቪዥን ያያችሁ ይገባችኋል። እነሱም በ22 ነው የሚተኩሱት፤ 50 ሜትር ርቀት፣ ተኝተው ሲተኩሱ 45 ሚሊ ሜትር፣ ቆመው ሲተኩሱ 115 ሚሊ ሜትር ክብ። ሲመታ ጥቁሩ በነጭ ይሸፈናል፤ ዳኛ ሳይናገር ሕዝቡ ይጮኻል። ተኳሽ ከብረት ዒላማ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። መታሁ ሲል «አዎ፣ መተሃል» የሚል መልስ። የረመዳን ማታዎች ከአፍጥር በኋላ ሰው ተሰልፎ ነበር የሚጠብቀው፤ አባት ልጁን ይዞ፣ ሙሽሮች ተያይዘው። «ተበይዷል እንዴ» ያለኝ አንድም ሰው የለም።

አዲሱም ጣጣ አለው። ላሜራው ለስላሳ ስለሆነ ጥይቷ ትሰረጉደዋለች። በጣም የተሰረጎደ ክብ የእርሳሱን ፍርፋሪ ወዳልታሰበ አቅጣጫ ይመልሳል፤ ስለዚህ በየሁለት ወሩ ክቦቹን አስቀይራለሁ። ለ22 ከሆነ ይህ ላሜራ ፈጽሞ አይታሰብም፤ ይበሳል። ለዚያ በጥንካሬ መለኪያ 500 ቁጥር የሚሰጠው ደረቅ ብረት ነው የሚፈለገው። ከመኪና ባሌስትራ ቆርጠን እንሥራ የሚሉም አሉ። የባሌስትራ ብረት ደህና ነው፤ ግን በጋዝ እሳት ሲቆረጥ ወይም ሲበየድ የጋለው ቦታ ጥንካሬውን ያጣል።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አደራ እላለሁ። ብረት ላይ የእርሳስ ጥይት እንጂ ክብ የብረት ጥይት አትተኩሱ። የብረቷ ጥይት አትፈረፈርም፤ ነጥራ ወደ ተኳሹ ዓይን ትመለሳለች። ክቧ ወደ ፊት ዘንበል ማለቷም ለዚህ ነው፤ ፍርፋሪው ወደ ታች አሸዋው ላይ ይወርዳል። ተኳሹም አጠገቡ የቆመውም መነጽር ያድርግ። በእነዚህ 8 ወራት ከዒላማው ሥር የሰበሰብኩት እርሳስ 8 ኪሎ ሆኗል። እርሳስ መርዝ ነው፣ በተለይ ለሕፃናት። በደረቁ አልጠርገውም፤ ውሃ ረጭቼ ነው የምሰበስበው። እጄን በሳሙና ሳልታጠብ ሻይ አልጠጣም፤ ጥይት በአፉ ይዞ የሚጫወት ልጅ ካየሁ ጠመንጃውን እቀበለዋለሁ።

6,500 ብሩ ይቆጨኛል። ከብሩ በላይ የሚቆጨኝ ግን ያ የቁልቢ ተጓዥ ነው። ሦስቱንም መቶ ሳለ ሳይታይለት ሄደ። ድጋሚ ቢመጣ አዲሱን በነፃ አስተኩሰዋለሁ።

አሮጌው ዒላማ ቤቴ ግድግዳ ጥግ ቆሟል። የፈታኋትን ክብ መልሼ አጥብቄ አስሬአለሁ፤ ምንም የጎደለው ነገር የለም። ሕጋዊ 22 ኖሮት፣ ተገቢ መተኮሻ ሜዳ ያለው ሰው ካለ በ3,000 ብር እሰጠዋለሁ፤ አይቆጭበትም። የአየር ጠመንጃ ነው ያለኝ የሚለኝን ግን እሺ አልለውም። አዛውንቱ ጋ ይዤው እሄዳለሁ።