ቺርፕስ ለጎንደር፦ ነፃ የዝናብ መረጃ፣ ግን ዓይንን ገልጦ

ቺርፕስን የሚያዘጋጀው በሳንታ ባርባራ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሳተላይትና የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ንባብን አዋህዶ፣ ከእ.ኤ.አ. 1981 ጀምሮ የጣለውን ዝናብ ጎናቸው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ካሬዎች ይሰጣል። ክፍያ የለውም። የድርቅን ክብደት በኤስፒአይ (ዝናቡ ከቦታው የረጅም ጊዜ ልማድ ምን ያህል እንደራቀ በሚያሳይ መለኪያ) ለማስላት ቢያንስ የ30 ዓመት ወርኃዊ ዝናብ ስለሚፈለግ፣ መዝገቡ ለተቆራረጠበት ጣቢያ ትልቅ እፎይታ ነው።

ለጎንደር የሚበጀው የክረምቱን አራት ወር ዝናብ ደምሮ ኤስፒአይን በሴፕቴምበር መጨረሻ ማስላት ነው። ውጤቱ ከ-1 እስከ -1.49 ከሆነ መካከለኛ፣ ከ-1.5 እስከ -1.99 ከባድ፣ -2 እና ከዚያ በታች እጅግ ከባድ ድርቅ ይባላል። የአንድ ወሩን ኤስፒአይ በበጋ አትመኑት፤ ጃንዋሪ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ትንሽ ካፊያ ቁጥሩን ሽቅብ ታስፈነጥረዋለች።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። መረጃ የሌለበት ካሬ -9999 ተብሎ ይሞላል፤ ሳታወጡ አማካይ ከወሰዳችሁ ስሌቱ ገደል ገባ። ሌላው የወር ነገር ነው፦ ፋይሉ ላይ 06 ማለት ጁን እንጂ ሰኔ አይደለም፤ ሰኔ 1 ጁን 8 ነው። በእኛ አቆጣጠር ከተመዘገበ የመለኪያ ንባብ ጋር ስታወዳድሩ ዕለታዊውን ፋይል ውሰዱ።

የቺርፕስ ድክመት ተራራ ላይ ይወጣል። ደንቢያ ሜዳ ላይ ብዙ አያስቸግርም፤ ሰሜን ተራሮች ላይ ግን አንዱ ካሬ ጫፉንም ሸለቆውንም በአንድ ቁጥር ይጠቀልላል። ቶሎ የሚለቀቀው ጊዜያዊ ፋይል የያዛቸው ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው፤ ለውሳኔ ከሆነ በቀጣዩ ወር ሦስተኛ ሳምንት ገደማ የሚወጣውን የመጨረሻ ፋይል ጠብቁ። ኤስፒአይ ሙቀትን ስለማይቆጥር ለመተማ ቆላ ሙቀት የሚያስከትለውን ትነት ጭምር የሚቆጥረው ኤስፒኢአይም ይታከልበት።