የጦር አዛዥ ፊርማ ሲገዙ፦ ሙሉ ደብዳቤ፣ የትእዛዝ ወረቀት ወይስ የተቆረጠ ፊርማ?

የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ጦር አዛዦች ፊርማ ለገበያ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት መልክ ነው፤ አዛዡ ራሱ ከላይ እስከ ታች የጻፈው ደብዳቤ፣ ጸሐፊ ጽፎት አዛዡ የፈረመበት የትእዛዝ ወይም የሹመት ወረቀት፣ ከሰነድ ላይ ተቆርጦ የወጣ ፊርማ ብቻ። ዋጋው በዚሁ ተራ ይወርዳል፤ የመታለል ዕድሉ ግን ይጨምራል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የተቆረጠው ርካሽ ስለሆነ ጀማሪን ይስባል፤ እኛ ግን ይተዉት እንላለን። ቀን የለውም፣ ተቀባይ የለውም፣ የሚመሳከር ዓረፍተ ነገር የለውም። አስመሳዩ የሚፈልገው የዘመኑን ባዶ ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ከአሮጌ መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ ይቀደዋል። «ወረቀቱ ጥንታዊ ነው» የሚለው ሻጭ ስለ ፊርማው ገና ምንም አልተናገረም።

ሙሉ ደብዳቤ ብዙ ምስክር ይዞ ይመጣል። የእንግሊዙን የባሕር ኃይል አዛዥ ኔልሰንን ይውሰዱ። በሐምሌ 1797 በቴኔሪፍ ደሴት ውጊያ ቀኝ እጁን አጥቷል። ከዚያ በፊት ጽሕፈቱ ወደ ቀኝ ያጋደለ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የግራ እጅ፣ ቀጥ ያለ ጽሕፈት ነው። በ1798 ባሮን ሲሆን «ሆራሺዮ» ቀርቶ «ኔልሰን» ብሎ መፈረም ጀመረ፤ የብሮንቴ መስፍንነት በ1799 ሲጨመርለት «ብሮንቴ» ገባ። ስለዚህ በግራ እጅ የተጻፈ የ1796 ደብዳቤ ካዩ ምርመራው እዚያው አልቋል።

ስሙና ቀኑ ከተስማሙ ወደ ወረቀቱ ይለፉ። በፍጥነት የሚጽፍ እጅ መስመሩን ሲጀምርም ሲጨርስም ያቀጥነዋል። የሚቀዳ እጅ ውፍረቱ አንድ ዓይነት የሆነ፣ የሚንቀጠቀጥ መስመር ይተዋል፤ በፊደሉ መሀል ብዕር የተነሣበትና ዳግም ያረፈበት ቦታም በ10 እጥፍ ማጉያ ይታያል። ከሁሉ የምናምነው ግን እጥፋቱን ነው። ደብዳቤ ከተጻፈ በኋላ ነው የሚታጠፈው፤ ቀለሙ እጥፋቱ ላይ ሲደርስ በተሰበረው ወረቀት ውስጥ ፈስሶ ከተሰራጨ ጽሑፉ ከእጥፋቱ በኋላ መጥቷል ማለት ነው። ወረቀቱን ለብርሃንም ይያዙት። ብዙ የእንግሊዝ ወረቀት ሠሪዎች ከ1794 ጀምሮ ዓመቱን በውሃ ምልክቱ (ወረቀቱ ለብርሃን ሲያዝ በውስጡ በሚታየው ምልክት) ውስጥ ያስገቡ ነበር፤ 1801 የሚል ወረቀት የ1797 ደብዳቤ ሊሸከም አይችልም። በጨለማ ክፍል የ365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ሲበራበት ደማቅ ሰማያዊ የሚያበራ ወረቀት ደግሞ ከ1950 ገደማ ወዲህ የመጣ ነጭ ማድመቂያ አለበት።

በጸሐፊ የተጻፈው የትእዛዝ ወረቀት ለመካከለኛ ኪስ የምንመርጠው ነው። የጽሑፉ እጅና የፊርማው እጅ ቢለያዩ፣ ቀለሙም ቢለያይ አይደንግጡ። ወጥመዱ ስሙ ላይ ነው። ናፖሊዮን እስከ 1796 «ቡዎናፓርቴ»፣ ከዚያ «ቦናፓርት»፣ ከ1804 ጀምሮ «ናፖሊዮን» ብሎ ፈርሟል፤ ኋላ ላይ ስሙን እያሳጠረ «ናፕ» ወይም አንድ ፊደል ብቻ አድርጎታል። ከ1852 እስከ 1870 የነገሠው ናፖሊዮን 3ኛም «ናፖሊዮን» ብሎ ስለሚፈርም የእሱ ወረቀት የአጎቱ ተብሎ ይሸጣል። ፊርማውን ከማየትዎ በፊት ቀኑን ያንብቡ።

መቅደላን በሚያዝያ 1868 የያዘው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ናፒየርም እንዲሁ ነው። «ናፒየር ኦፍ ማግዳላ» የተባለው ማዕረጉን በዚያው ዓመት ሐምሌ ካገኘ በኋላ ነው፤ በዘመቻው መሀል እንዲህ ተፈርሟል የሚል ደብዳቤ ሐሰተኛ ነው። በእኛ ወገን የዐፄ ቴዎድሮስና የዐፄ ምኒልክ ደብዳቤዎች የሚረጋገጡት በማኅተም ነው፤ የንጉሥ ፊርማ እያለ የሚያሻሽጥ ሰው ሲመጣ ማኅተሙን ይጠይቁ። ወረቀቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ካለም ከመክፈልዎ በፊት የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን (ይህ ዓመት እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ይመልከቱ፤ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

ሻጩ የቀደሙ ባለቤቶችን ደረሰኝ ወይም የጨረታ ካታሎግ ገጽ ያሳይ። ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡን የጊዜ ገደብ ሳያደርግ እንደሚመልስም በጽሑፍ ይፈርም፤ እምቢ ካለ ከሌላ ይግዙ።