ርብራብ መከለያ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች፦ እንጨት፣ ላሜራ፣ አሉሚኒየም ወይስ ሲሚንቶ?

በካይሮና በምጽዋ አሮጌ ቤቶች መስኮት ላይ የሚታየው፣ መሽረቢያ የሚባለው የእንጨት ርብራብ ለወሎ ሰው ጨርሶ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን መስኮቶች በተፈለፈለ ርብራብ የተሞሉ ናቸው። ዛሬ ይህን አሠራር ለአዲስ ቤት የሚፈልግ ሰው ከአራት ከአምስት ዓይነት ዕቃ መምረጥ ይችላል። ብዙ ገዢ ግን የጌጡን ፎቶ በስልኩ ይዞ ወደ ሥራ ቤት ይሄዳል እንጂ መከለያው የትኛው ግድግዳ ላይ እንደሚውል አስቀድሞ አያስብም፤ ዋጋውም ጥቅሙም የሚወሰነው ግን በዚያ ነው።

ሁለቱም ከተሞች በ11 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ስለሚገኙ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ታልፋለች፤ በታኅሣሥ እንኳ ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ከፍታ አላት። ስለዚህ የሰሜኑንና የደቡቡን መስኮት በቂ ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍ ይጠብቀዋል። ክፈፍ የማያግዳት፣ ጠዋት ከምሥራቅ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላም ከምዕራብ ዝቅ ብላ የምትገባዋ ፀሐይ ናት፤ ገንዘቡም መዋል ያለበት በእነዚህ ሁለት ግድግዳዎች ላይ ነው። በ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ነፋስ የሚያሳልፍ ክፍት ርብራብ ከትንኝ ወንፊት ጋር ይስማማል። 2,500 ሜትር አካባቢ ባለችው ደሴ ግን ከርብራቡ በስተኋላ መስታወት የሌለው ክፍል በክረምት ጉምና ብርድ ሊኖሩበት የሚከብድ ስለሚሆን፣ መስታወቱም ከበጀቱ ውስጥ መግባት አለበት።

ዕቃዎቹን በእውነት የሚለያቸው ውፍረታቸው ነው። 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የእንጨት ርብራብ ቀዳዳው 4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከ45 ዲግሪ በላይ አዘንብሎ የሚመጣውን ጨረርም ሆነ የጎን እይታ ሙሉ በሙሉ ያግዳል። በ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ የተቆረጠ ያው ቀዳዳ ግን ከየትኛውም አቅጣጫ ክፍት ነው ማለት ይቻላል፤ ላሜራ የሚጋርደው ሳይቆረጥ በቀረው ክፍሉ ብቻ ነው። በላሜራ ግላዊነትን የሚሻ ሰው ቀዳዳውን ማሳነስ፣ አለዚያም ሁለት ላሜራ አራርቆ ማሠራት ይኖርበታል። የትኛውም ዓይነት ቢሆን የሚጋርደው ውስጡ ከውጭ ጨለም ሲል ስለሆነ፣ ማታ መብራት ሲበራ ነገሩ ይገለበጣል፤ መጋረጃ አያስፈልግም ብሎ የሚሸጥ ካለ አይታመን።

ለሳሎንና ለመኝታ ቤት መስኮት የእኔ ምርጫ እንጨት ነው። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፈትሂ እንዳስረዱት፣ በቶርኖ የተፈተለ ክብ እንጨት ብርሃኑን ከጨለማው ጋር ቀስ በቀስ ስለሚያዋህድ ዓይን አይወጋም፤ ጠፍጣፋ ላሜራ ግን ስለታም ጥላ ይጥላል። በጥንቱ አሠራር በዓይን ከፍታ ያለው ርብራብ ጠበብ፣ ከራስ በላይ ያለው ሰፋ ይል ነበር፤ ይህንን ብልሃት ለአናጺ መንገር ምንም ወጪ አይጨምርም። ዋንዛ ለመላግና ለመፈልፈል ይመቻል፣ ጥድ ምስጥንና መበስበስን በተሻለ ይቋቋማል፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ በቀላሉ ይገኛል፤ በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። መጋጠሚያው በምስማር የተመታ ሳይሆን ግማሽ በግማሽ ተጠርቦ የገባ መሆኑን ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። ዝናብ በቀጥታ በሚመታው ግድግዳ ላይ ከሆነ ቫርኒሹን በየጊዜው ማደስ ግዴታ ስለሚሆን፣ ለዚህ ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው እንጨት ባይገዛ ይሻለዋል።

ላሜራ በየብረታ ብረት ሥራ ቤቱ በቶሎ ይሠራል፤ የፈለጉትን ጌጥም ይቀበላል። የ2 ሚሊ ሜትሩ በካሬ ሜትር 15.7 ኪሎ ይመዝናል፤ 40 በመቶው ተቆርጦ ሲወጣ 9 ኪሎ ተኩል ያህል ይቀራል፤ ይህን ማንኛውም ግድግዳ ይሸከማል። ችግሩ ጠርዙ ላይ ነው። በፕላዝማ (ብረትን አቅልጦ በሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መቁረጫ) ሲቆረጥ በቀዳዳው ዙሪያ የቀለጠ ብረት ቅንጣት ተጣብቆ ይቀራል፤ ጣት ሲያልፍበት ይሻክራል። ይህ በግራይንደር ሳይጠራ ከተቀባ፣ ቀለሙ ሹል ጠርዝ ላይ ስለሚሳሳ ዝገቱ ከዚያ ይነሣል፤ ከአንድ ክረምት በኋላም ነጩ ግድግዳ ላይ ቡናማ መስመር ያወርዳል። ጋልቫናይዝድ ነው መባሉም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ የተቆረጠው ጠርዝ ዚንኩን ያጣልና። አንቲረስቱ (የዝገት መከላከያው ቀለም) ሁለት ጊዜ፣ የጀርባው ገጽ ሳይዘለል መቀባቱን በዓይን አይቶ መረከብ ይገባል።

አሉሚኒየም አይዝግም፤ ባለ 3 ሚሊ ሜትሩ ሳይቆረጥ በካሬ ሜትር 8 ኪሎ ገደማ ነው። አቅሙ ላለው ሰው ለደሴ ምዕራብ ግድግዳ ከላሜራ ይልቅ ይህንን እመክራለሁ፤ ከብረት ጋር በቀጥታ ከተገናኘ ግን ይበላልና በመካከል ጎማ ይግባበት። ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራው ኤምዲኤፍ ጣውላ በሳሎንና በመመገቢያ ክፍል መካከል ያምራል፤ ውኃ ካገኘው ስለሚያብጥ ወደ ውጭ አይውጣ።

ቀዳዳ ያለው የሲሚንቶ ብሎኬት ለኮምቦልቻ በረንዳና ለደረጃ ቤት ከሁሉም ይበልጣል፦ ጥልቀት አለው፣ ቀለም አይጠይቅም፣ ነፋስ ያሳልፋል። ሆኖም ባለ 10 ሳንቲ ሜትሩ ግማሹ ክፍት ሆኖ እንኳ በካሬ ሜትር ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ካራቆሬን ያናወጠውና ማጀቴን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፣ በዚሁ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ የደረሰ ነው። ስለዚህ በመጋጠሚያዎቹ ፌሮ ሳይገባና ከኮለኑ ጋር ሳይታሰር የሚደረደር ብሎኬት፣ በተለይ ከፎቅ በረንዳ ጫፍ ላይ፣ ርካሽ ቢሆንም መቀበል የለበትም። መሐንዲሱ ክብደቱን አስቀድሞ ይወቀው።

የትኛውንም ዓይነት ቢመርጡ በመኝታ ቤት መስኮት ላይ አንዱ ክንፍ በማጠፊያ የሚከፈትና ቁልፍ ሳያስፈልግ ከውስጥ የሚቀረቀር ይሁን፤ እሳት ቢነሣ መውጫ፣ በዘወትር ደግሞ መስታወት መወልወያ ነው። ዋጋ ሲጠየቅ የካሬ ሜትሩ ሒሳብ ቀለምን፣ ፍሬሙን፣ ትራንስፖርትንና ገጠማን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ይያዝ፤ በሁለት ሥራ ቤቶች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእነዚህ ነው። ቀብድ ከመክፈል በፊትም 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ናሙና አሠርቶ፣ በተባለው መስኮት ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከውስጥ፣ ማታ ደግሞ መብራት አብርቶ ከውጭ ማየት ነው።